ማይካችሁን አጥፉ

የኦንላይን ሥልጠና «ይሰማል? ይሰማል?» ተብሎ አሥር ደቂቃ ከሄደ በኋላ በአንድ ትእዛዝ ይከፈታል፦ «እባካችሁ ማይካችሁን አጥፉ።» የሚዘጋውም በሌላ ነው፦ «ጥያቄ ያላችሁ ቻት ላይ ጻፉልን፤ ጊዜ ስለሌለን በኢሜይል እንመልሳለን።» ያ ኢሜይል የደረሰው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀኑን ሙሉ ሲናገር የሚውል፣ በመናገር እንጀራውን የሚበላ ሰው ሙያው እንዲሻሻል ሲጠራ መጀመሪያ የሚታዘዘው ዝም እንዲል ነው።

* * *

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የመጣ መኪና ወይ ወደ ጎንደር ቀጥ ይላል፣ ወይ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በሦስቱም ጫፍ ዩኒቨርሲቲ አለ። መሐል ላይ፣ መገንጠያው ላይ ያለው ግን የግብርና ኮሌጅ ነው።

በ2014 ዓ.ም መንግሥት ሚኒስቴሮቹን ሲያደራጅ ዩኒቨርሲቲዎቹ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሄዱ፤ የቴክኒክና ሙያ ዘርፍ አዲስ ለተቋቋመው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ። ወረቀት ላይ ትንሽ ለውጥ ነው። መሬት ላይ ግን «ኢ-ሺ» የተባለው ትልቅ የኦንላይን ትምህርት ውጥን፣ ማስተርካርድ ፋውንዴሽንና የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉበት፣ 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35 ሺህ መምህራንንና 800 ሺህ ተማሪዎችን አደርሳለሁ ብሎ ሲነሣ፣ በሦስት ዩኒቨርሲቲ የተከበበ የኮሌጅ መምህር ከቁጥሩ ውስጥ የለም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ ካለው ሊንኩን በቴሌግራም ይልክለታል። ሲከፍተው የተቋም ኢሜይል ይጠይቀዋል።

* * *

በአበል መዘባበት ቀላል ነው። ሥልጠና አለ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ቀን ነው?» የሚሆነው ከእውቀት ጥማት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሒሳቡን እስከ ታች እንየው።

ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን የሚሰጥ ሥልጠና የአዳራሽ ኪራይ አለው፣ ሻይ ቡና አለው፣ ትራንስፖርትና ውሎ አበል አለው። ኦንላይን ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ተቋሙ በዓመቱ ሪፖርት «ወጪ ቆጣቢ በሆነ መንገድ ተሰጥቷል» ብሎ ይጽፋል፤ አልዋሸም። ዳታውን የገዛው መምህሩ፣ ስልኩ የመምህሩ፣ የጠፋችው እሁድም የመምህሩ መሆኗ ብቻ አልተጻፈም። ለአንድ ሥልጠና ሲከፈለው የነበረ ሰው አሁን ለዚያው ሥልጠና ከፋይ ሆኗል። የደመወዙን መጠን ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም።

አብሮ የቀረ ሌላም ነገር አለ። አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጠው ይልቅ በሻይ እረፍት የሚገኘው ይበልጥ ነበር። የወረታው ከኮምቦልቻው ጋር ቆሞ፣ ሳምቡሳውን እየበላ፣ «እናንተ ጋ ለተግባር ልምምድ ማሳ ማን ይሰጣችኋል?» ይለዋል። ያኛው ከአርሶ አደሩ ጋር እንዴት እንደተዋዋሉ ይነግረዋል። ስልክ ይለዋወጣሉ። በዓመቱ አንዱ ለሌላው የፈተና ጥያቄ ይልክለታል። ዙም ላይ ሻይ እረፍት ሲባል ሁሉም ካሜራውን አጥፍቶ ለየራሱ ቡና ይጠጣል። አሠልጣኙ በሰዓቱ ይመለሳል፤ ሠልጣኞቹ መመለሳቸውን ግን የሚያውቅ የለም፣ ስማቸው ስክሪኑ ላይ ስላለ።

* * *

ሌሊት የሚሠራው የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ነው። ስለዚህ የመምህሩ ሙያ የሚሻሻለው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ መብራት ካልሄደ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ይገባል። ሠልጣኞቹ ሲያዛጋ ያዩታል።

* * *

በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ማንም የሚያውቀው መርሕ አለ፦ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ። ሠልጣኙ በዚህ ይለካል። መምህሩ በኦንላይን የሚወስደው ሥልጠና ግን መቶ በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያውም «ተግባር ተኮር አሠለጣጠን» የሚል ርእስ ለብሶ፣ ስላይዱ አልቆ የማያልቅ።

ነሐሴ ላይ ፎገራ ሜዳ የገባ ሰው የዚህ ነገር ትርጉም ይገባዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ረግረግ ሆኗል፣ ሩዙ ጉልበት ደርሷል። ከሩዙ መሐል የዱር ሩዝ አለ። በቅጠሉም በቁመናውም ከተዘራው ጋር ይመሳሰላል፤ ከላይ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነው። አንድ መምህር ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጭቃው ውስጥ እስከ ቅልጥሙ ገብቶ ይህን ለሠልጣኞቹ ሲያሳይ አይቻለሁ። ሁለት ተክል ያዘ። አንደኛውን ሳበው፤ ቀጫጭን ሥሮቹን ይዞ በቀላሉ ወጣ። ሁለተኛው እምቢ አለ። አጥብቆ ሲጎትተው ጭቃው ውስጥ ለውስጥ የተጋደመ ረጅም ግንድ ተከትሎ መጣ፤ ከዚያው ግንድ ላይ ሌሎች ቡቃያዎች ተነሥተዋል።

«የዱሩ ይኼ ነው» አለ። «ቅጠሉን አትመልከቱ፤ የሚለየው መሬት ውስጥ ባለው ነው። ብታጭዱት ከዚህ ተነሥቶ ይመለሳል።»

አንዲት ሠልጣኝ «ቲቸር፣ ትንሽ ሆኖ፣ ሳይነቀል ግን በምን እንለየዋለን?» አለች።

ቲቸር አሰበ። መልስ መፍጠር ይችል ነበር፤ አልፈጠረም። «እሱን እንኳ አባታችንን እንጠይቅ» ብሎ ማሳው ዳር ወደ ቆሙት ባለመሬት ዞረ።

ሰውየው ሳቅ አሉ። «በመስመር የዘራህ እንደሆን ከመስመር የወጣው እሱ ነው። በብተና ከሆነ ግን እኛም የምናውቀው ከቆየ ወዲያ ነው ልጄ።»

የግብርና ባለሙያው ሁሉ አርሶ አደሩን «በመስመር ዝራ» እያለ ይወተውታል። አንዱን ጥሩ ምክንያት ግን በዚያች ደቂቃ የሰጡት ራሳቸው አርሶ አደሩ ናቸው። እዚያ ጭቃ ውስጥ ሠልጣኞቹ ተማሩ፣ መምህሩም ተማረ። ለሙያ ማሻሻያ ሰዓት ተብሎ የሚያዝለት ግን ማታ ስልኩ ላይ የሚያየው ቪዲዮ ነው።

* * *

ከኦንላይኑ በፊት ቦክስ ፋይል ነበር። በ1996 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው ኤች.ዲ.ፒ. የሚባለው የመምህራን አሠልጣኞች ሥልጠና በሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ በቡድን እየተገናኙ መወያየት፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ያስተማሩትን መለስ ብሎ መመርመር ነበረበት። ከጎኑ ተሙማ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ መጣ። ሁለቱም ሲያረጁ የተረፈው ፋይሉ ነው።

አንድ ኮሌጅ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ ቦክስ ፋይል አየሁና አንዱን አውርጄ ከፈትኩ። «የግል ምልከታ» የሚለው ማስታወሻ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳምንት ሳይዘል ተሞልቷል። እስክሪብቶው አንድ፣ የእጁ ፍጥነት አንድ። በጥቅምት ገጽ ላይ ያለው የቡና ስኒ ክብ በመጋቢት ገጽ ላይም አለ፣ መጠኑም ቡናማነቱም ያው። ዓመቱን ሙሉ ራሱን የመረመረው ሰው የመረመረው በአንድ ማታ፣ በአንድ ስኒ ነው።

ኦንላይኑ ከዚህ ገላግሎናል። አሁን የሚጽፍ የለም፤ ሲስተሙ ራሱ ሰዓት ይቆጥራል። ቪዲዮው ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ከዋለ ሁለት ሰዓት ተምረሃል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ አንተ የጓሮህን ሽንኩርት ብታጠጣም ተምረሃል።

* * *

ፕላዝማን የማያስታውስ የዘመኑ ልጅ ነው። በ1997 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲወርድ ክፍለ ጊዜው የቴሌቪዥኑ ሆነ። ለመምህሩ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ተተወለት። እንግሊዝኛው ይሮጣል። ተማሪው አንዱን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቀና ሲል ፕላዝማው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አይቆምም፣ አይደግምም፣ አይጠየቅም።

ያን ጊዜ ዴስክ ላይ የነበሩ ብዙዎቹ ዛሬ ኮሌጅ ያስተምራሉ። ወደ አሁኑ ሥልጠና የመጡት ከዚያ ወጥተው ነው፤ ስክሪን ሲናገር ዝም ማለትን በዘጠነኛ ክፍል ተምረውታል።

ግን አንድ ልዩነት አለ፣ ትንሽም አይደለም። አሁን ማቆሚያ አለው። የማውቀው አንድ መምህር የ40 ደቂቃ ቪዲዮ እያቆመ፣ እየመለሰ፣ ያልገባውን ቃል ደብተር ላይ እየጻፈ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። ስለ ተከታታይ ምዘና ከዚያ ያገኘውን ክፍሉ ውስጥ ሞክሮት የሠልጣኞቹ ውጤት ሳይሆን ጥያቄያቸው እንደተቀየረ ነገረኝ። በአዳራሹ ሥልጠና ይህ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፍሮ ሳይጠይቅ የሚወጣ ነበር። ስለዚህ ኦንላይን የሚባለውን ሁሉ በአንድ አፍ መርገም ግፍ ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ለዚህ ሰው የተሰጠው ሰርተፍኬትና ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ለነበረው የተሰጠው ሰርተፍኬት አንድ መሆኑ ነው።

* * *

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሲሆን ትምህርቱን ያቀረበው የኦንላይን ትምህርት ድርጅቱ ዩዳሲቲ ነው። ዩዳሲቲን ከመሠረቱት አንዱ ሰባስቲያን ትሩን እ.ኤ.አ. በ2011 ከፒተር ኖርቪግ ጋር የስታንፎርድን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ በነጻ በኢንተርኔት ሲከፍት 160 ሺህ ሰው ተመዘገበ። የጨረሰው 23 ሺህ ገደማ ነው። ከሰባት አንድ ማለት ነው፤ በፈቃዱ ከገባ ሰው።

እኛ ዘንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ «እስከ ወሩ መጨረሻ ሰርተፍኬት ያላመጣ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ከተወው፣ ከሰባት ሰባቱ ይጨርሳሉ። ስታንፎርድ ያጣውን ዘዴ የሰው ሀብት አስተዳደር አግኝቶታል።

የአንድሮይድ መተግበሪያ አሠራር መሠረታዊ ሰርተፍኬት ያለው የእንስሳት ጤና መምህር አውቃለሁ። ምን ያደርግልሃል ብዬ ጠየቅሁት። «ግምገማ ላይ አልጠየቅም» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ከየትም አላገኘሁም።

* * *

በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራት ሄዱ። «ሊንኩን ልኬልሃለሁ» የሚል ሰው ጠፍቶ «ፍላሽ ይዘሃል?» የሚል በዛ። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ከልብስና ከጫማ ጋር የወረደ ፒ.ዲ.ኤፍ. እና ቪዲዮ ያመጣ ነበር። ያን ጊዜ ያስተዋልኩት፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ሰው የፈለገው ነገር ብቻ መሆኑን ነው፦ የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ የሲ.ኦ.ሲ. (የሙያ ብቃት ምዘና) መለማመጃ፣ የላቦራቶሪ ቪዲዮ። ፍላሽ ላይ ቦታ ስለሚያጣብብ ስላይድ የሚጭን አልነበረም።

* * *

በ2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ከፈተ። አርሶ አደሩ በዚያች ቁልፏ በተፋቀ ስልኩ በነጻ ይደውላል፣ ቁጥር ይጫናል፣ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ ይሰማል። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ጥሪ ተስተናግዶበታል። ኢንተርኔት የለበትም፣ ሰርተፍኬት የለበትም፣ ስም የሚጠራ የለበትም። ሰው የሚደውለው ቸግሮት ነው፤ ሲዘራ ስለ መዝራት፣ ተባይ ሲመጣ ስለ ተባይ።

የዚያን አርሶ አደር የልማት ሠራተኛ የሚያሠለጥነው መምህር ግን በእንግሊዝኛ፣ በስማርት ስልክ፣ በገዛ ዳታው፣ ሌላ ሰው በመረጠለት ወር ይማራል። የትኛው የተሻለ የርቀት ትምህርት እንደሆነ ለመፍረድ ባለሙያ መሆን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

* * *

ሩዝ ፎገራ ላይ መሞከር የጀመረው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ማሳ ላይ አስጀመሩት። ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ኮሪያውያኑ ሄዱ፣ ሩዙ ቀረ። ስመ ጥሩው ኤክስ ጅግና ዝርያ ስሙ የወጣለት ከዚያችው ጅግና ነው። ዛሬ ወረታ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያው ብዛት ለዓይን ይታክታል። እንጀራው ከጤፍ ተቀይጦ ይጋገራል፣ ገለባውን ከብቱ ይበላል። ለዚህ ሁሉ ሞጁል አልተዘጋጀም። ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ አይቶ፣ አጥር ላይ ቆሞ ጠይቆ፣ ዘር ተበድሮ ነው።

ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም እዚያው ወረታ ነው። የጃፓኑ ጃይካም ለዓመታት በኢትዮራይስ ፕሮጀክት አብሮ ሠርቷል። ስለዚህ የአገሪቱ የሩዝ እውቀት ለወረታ መምህር የባጃጅ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የወረታ መምህር የሚከታተለውን የኦንላይን ሞጁል አሳየኝ፤ ምሳሌው የበቆሎ ማሳ ነበር፣ ከየት አገር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። በስክሪኑ በስተጀርባ በመስኮቱ ሩዝ ይታያል።

* * *

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነ ነገር እዚያው ፎገራ ወረዳ ተፈጽሟል፤ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲኬድ በዓለም በር በኩል አውራምባ አለች፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም የመሠረቱት ማኅበረሰብ። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት በሬ ጠምዳ ታርሳለች፣ አረጋዊ አይጣልም። ዙምራ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የተቀበሉ ሰው ናቸው።

ፓውሊና ቴርቮ እና ሰርዳር ፌሪት የሚባሉ ፊልም ሠሪዎች አውራምባን በኢንተርኔት ውስጥ እየዞሩ የሚያዩት ፊልም አደረጓት፤ ተመልካቹ ቤት ይገባል፣ ሸማኔውን ያያል፣ ሰውን ይሰማል። ከዚያ ሥራ ሊፍታ የተባለ የትምህርት ድርጅት ተወለደ። ፊንላንድና እንግሊዝ ውስጥ ልጆች በሊፍታ ይማራሉ፤ መምህራንም በኦንላይን የሙያ ሥልጠና ይወስዱበታል። የእንግሊዝ መምህር ሙያውን ካሻሻለባቸው ነገሮች አንዱ ሥሩ ፎገራ ነው ማለት ነው።

ከፎገራ የሚወጣ ትምህርት ሊኖር እንደሚችል የገባቸው ከሩቅ የመጡት ናቸው። እኛ ወረታን የምናውቃት ሥልጠና የሚላክላት ከተማ አድርገን ነው።

* * *

የዱር ሩዙን ሲነቅል ያየሁት መምህር በሌላ ቀን ያንኑ ትምህርት በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ለቀድሞ ሠልጣኞቹ ላከው። አጭር ነው። ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱ ይሰማል፣ አማርኛው የጎንደር ነው። ከየቀበሌው ያሉ የልማት ሠራተኞች የየራሳቸውን ፎቶ እየላኩ «ቲቸር፣ ይኼስ የትኛው ነው?» ይሉት ጀመር። ለእያንዳንዱ በድምፅ ይመልስላቸዋል።

የዓመቱ የሙያ ማሻሻያ ቅጽ ሲመጣ «የወሰዱት ሥልጠና» የሚል ሰንጠረዥ እንጂ የሰጡት የሚል አላገኘም። «ሌላ» በሚለው ሥር ጻፈው። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ቅጹን አገላብጠው አዩት።

«መምህር፣ የዚህኛው ሰርተፍኬት አልተያያዘም።»

«እትዬ፣ ያዘጋጀሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ለራስዎ ይስጡና ኮፒውን ያምጡልኝ።»